አመድ፣ መጋዝና ሰላምታ፦ የተራራ ሬንጀር ኢንተርን የሰመር ሥራ

ከሲያትል በአይ-90 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲነዱ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ ስኖኳልሚ ፓስ ይደረሳል። ከዚያ በስተሰሜን የተደረደሩት ተራሮች አልፓይን ሌክስ ዊልደርነስ ናቸው፤ ኮንግረስ ቦታውን በ1976 ከለለው፣ በ2014 ደግሞ አሰፋው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ስኖው ሌክ የሚወስደው መንገድ እንደ ገበያ ቀን ይሞላል፤ ከሚወጡት መካከል የሐበሻ ልጆችም አይታጡም። ሰኞ በዚያው መንገድ የሚወጣው ሰው ግን ሌላ ነው፦ ሃያ ኪሎ የተሸከመ፣ አካፋ የያዘ፣ ቦርሳው ላይ የቆሻሻ ከረጢት የታሰረበት። ብዙ ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ዊልደርነስ ሬንጀር ኢንተርን፣ ማለትም የተከለለ የዱር ቦታ ጠባቂ ተለማማጅ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ ማመልከት ለሚያስቡ ነው። የተራራውን ውበት ሌላ ሰው ይጻፈው።

ዊልደርነስ የሕግ ስም ነው። በ1964 የወጣው የዊልደርነስ ሕግ በተከለለው ቦታ ውስጥ ሞተርንና መካኒካዊ መጓጓዣን ከለከለ። መኪና ብቻ ሳይሆን ብስክሌትም፣ የእጅ ጋሪም፣ የሞተር መጋዝም ውጭ ይቀራል። ክልከላው ቦታውን የሚያስተዳድረውን የፌዴራል ደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ራሱንም ይይዛል፤ ለነፍስ አድን ዓይነቱ አስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ ወይም ተጣርቶ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር ሬንጀርም እንደማንኛውም ሰው በእግሩ ነው። ስለዚህ መንገድ ዘግቶ የወደቀ ግንድ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፤ ቆሻሻው በሰው ጀርባ ወይም በበቅሎ ይወርዳል። ከዚህ በታች የሚነገረው ድካም ሁሉ ምንጩ ይኸው ሕግ ነው።

ስለ ማመልከቻው ባጭሩ። ለጁን የሚፈለገው ሰው በአብዛኛው ከመጸው እስከ ማርች ባለው ጊዜ ተመርጦ ያልቃል፤ ኤፕሪል ላይ የሚጠይቅ የተረፈውን ነው የሚያገኘው። በሩ ሁለት ነው። በቀጥታ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ለመቀጠር በጥቅሉ የአሜሪካ ዜግነት ይጠየቃል። በአጋር ድርጅቶች በኩል ሲሆን ግን በአሜሪኮር (የመንግሥት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮግራም) ሥር ያሉ ቦታዎች ግሪን ካርድ ያለውንም ይቀበላሉ፤ በዲቪ መጥቶ ዜግነት ገና ያልያዘ ተማሪ ይህንን በር ማወቅ አለበት። የሚከፈለው እንደ ደመወዝ ሳይሆን የኑሮ ድጎማ ሊሆን ስለሚችል ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ መኝታ ነጻ ነው ወይስ ይቆረጣል? ጫማና የዝናብ ልብስ ማን ይገዛል? በዕረፍት ቀን ያለ መኪና ከተማ መድረስ ይቻላል? ሦስተኛውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ጁላይ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚያማርረው እሱ ነው።

የሥራው ሳምንት እንደ ቢሮ አይደለም። አንዳንዱ ቦታ አራት ቀን በቀን አሥር ሰዓት ያሠራል፤ ሌላው ስምንት ቀን ተራራ ላይ አሳድሮ ስድስት ቀን ያሳርፋል። ስምንት ቀን ማለት የስምንት ቀን ምግብ በጀርባ ማለት ነው። ለአንድ ቀን ዘጠኝ መቶ ግራም ያህል ደረቅ ምግብ ይታሰባል፤ በዚህ ላይ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ሬዲዮ፣ ትርፍ ባትሪ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ አካፋና ታጣፊ መጋዝ ሲጨመር ሃያ ኪሎ ያልፋል። ወደ ታች ሲመለሱ ምግቡ ያልቃል፤ ቦታውን ቆሻሻ ይይዘዋል። ሸክሙ አይቀልም።

እዚህ ላይ የእኛ ጓዳ ከስፖርት መደብር ይበልጣል። በሶ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፦ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል ወይም በማር ይጨበጣል፣ ቢጨማደድ አይበላሽም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ሆነው በጉዞ ላይ ይበላሉ። ሽሮ ቶሎ ስለሚበስል ጋዝ ይቆጥባል፤ ጣጣው እጣቢው ነው። የሽሮ ድስት የታጠበበት ውሃ ሽታው ድብና አይጥ ይጠራል። በጨርቅ ይጠለላል፣ ዝቃጩ ከቆሻሻ ጋር ይታሸጋል፣ ውሃው ከሐይቅ ስልሳ ሜትር ርቆ ይበተናል። ምግብ ማታ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ድብ የማይከፍተው ቆርቆሮ ከሌለ ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግንዱም ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ይሰቀላል። የጥርስ ሳሙናም ምግብ ነው፤ ድብ ልዩነቱን አያውቅም። የሐይቅ ውሃ የቱንም ያህል ቢጠራ ይጣራል ወይም አንድ ደቂቃ ይፈላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ።

ልብስን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ጥጥ እቤት ይቅር። ጁላይ ላይ በዝናብ የራሰ የጥጥ ሹራብ አልፓይን ሌክስ ባለበት በካስኬድ ተራሮች ሰውን እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። አዲስ ጫማም ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራው ቀን አይደረግም፤ በሁለተኛው ቀን ተረከዙ የተላጠ ኢንተርን ለቀሩት ስድስት ቀናት ለባልደረባው ሸክም ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ኢንተርን መሣሪያ አይታጠቅም፣ የቅጣት ወረቀትም አይቆርጥም፤ ያ የሕግ አስከባሪው መኮንን ሥራ ነው። ታዲያ ቦታውን በምን ይጠብቃል? ተራራ ላይ ሰው የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ከእሱ በፊት የነበረው ያጠፋውን አይቶ ነው። የጠቆረ ድንጋይ ክብ ሠርቶ ካየ እሳት ያነዳል። የተረገጠ ሣር ካየ አቋርጦ ይሄዳል። ከቋጥኝ ሥር የመጸዳጃ ወረቀት ካየ የሱንም እዚያው ይጨምራል። የኢንተርን ሥራ ያንን ግብዣ ማንሳት ነው።

ከእሳት ቦታ እንጀምር። በአልፓይን ሌክስ ከካስኬድ ተራሮች ሰንሰለት አናት በስተምዕራብ ከ4,000 ጫማ በላይ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ከ5,000 ጫማ በላይ እሳት ክልክል ነው። ምክንያቱ ቃጠሎ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ከፍታ ዛፍ በጣም ቀስ ብሎ ያድጋል፣ የወደቀውም እንጨት ለአፈሩ ያስፈልጋል። ቢሆንም በየሐይቁ ዳር የድንጋይ ክብ አይጠፋም። አፈራረሱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ። ላዩ ቀዝቅዞ ሥሩ ፍም የያዘ እሳት የተለመደ ነው፤ ሥር ይዞ ከመሬት በታች የሚጨስም አለ። ሙቀት ካለ ውሃ አፍስሱ፣ በአካፋ አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፤ እስኪነካ ድረስ። ለአንድ ተራ የካምፕ እሳት ሃያ ሊትር ያህል ውሃ ይሄዳል፤ ታጣፊ ባልዲ የሌለው ኢንተርን በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሲመላለስ ይመሻል። ከቀዘቀዘ በኋላ አመዱን በጣት እየበረበሩ ፎይል፣ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪና የቀለጠ ፕላስቲክ ይለቀማል። ፎይል ይቃጠላል ብሎ የሚጥለው ሰው ብዛቱ ይገርማል፤ አይቃጠልም፣ ይበጣጠሳል እንጂ፤ ለመልቀምም ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው።

ቀጥሎ ከሰሉ በአካፋ ጀርባ ይደቅቃል፤ ከአመዱ ጋር በከረጢት ተሞልቶ ከውሃና ከመንገድ ርቆ ጫካ ውስጥ በሰፊው ይበተናል። እርጥብ አመድ ሲሸከሙት እንደ ጭቃ ይከብዳል፤ ጊዜ ካለ ፀሐይ እስኪያደርቀው መጠበቅ ወገብ ያድናል። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወደየአቅጣጫው ይወሰዳሉ፤ የጠቆረው ፊት ወደ መሬት፣ አፈር የነካው ፊት ወደ ላይ። ሁለት ስሕተት እዚህ ላይ ይሠራል። አንዱ ድንጋዩን ሐይቅ ውስጥ መወርወር ነው፤ ጥርት ባለው ውሃ ሥር ጥላሸቱ ለዓመታት ይታያል። ሌላው ሁሉንም አንድ ቦታ መከመር ነው፤ የሚቀጥለው መንገደኛ የተዘጋጀለት መስሎት መልሶ ክብ ይሠራዋል። በመጨረሻ የተጠቀጠቀው መሬት በጥቂት ሴንቲሜትር ይቆፈራል፣ የጥድ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት ይነሰነስበታል። ድንኳን እንዳይተከልበት ከተፈለገ ትልልቅ ድንጋይ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ ጫፉ ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል። ላዩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ድንጋይ በደቂቃ ይነሳል፤ የተቀበረን ለመንቀል የሚታገል ካምፐር ግን ብርቅ ነው።

እሳት በሚፈቀድበት ዝቅተኛ ቦታ ግን ሁሉንም ማፍረስ ሞኝነት ነው። አራት ክብ ካለ ሦስቱ ይፈርሳል፣ ከውሃ የራቀውና ባዶ አፈር ላይ ያለው አንዱ ተጠርጎ ይቀራል። አራቱንም ያፈረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት አዲስ ያገኛል። ይህንን አዲስ ኢንተርን በቃል ሲነገረው አያምንም፤ ጁን ላይ ሁሉም የማፍረስ ወኔ አለበት።

ስለ መጸዳጃው ደግሞ ማፈር አያስፈልግም፤ ከሥራው ግማሽ ባይሆን እንኳ ሩቡ ነው። መንገደኛው እንዲያደርግ የሚነገረው ከውሃ፣ ከመንገድና ከካምፕ ስልሳ ሜትር (የአዋቂ ሰባ እርምጃ) ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቆፍሮ፣ መልሶ እንዲሸፍን፣ ወረቀቱን በከረጢት ይዞ እንዲወርድ ነው። ቋጥኝ የበዛበት መሬት ስለማይቆፈር ብዙዎች ድንጋይ አንስተው ይጫኑበታል። ኢንተርን ያንን ድንጋይ ሲያነሳ በእጁ ሳይሆን በአካፋ ያንሳ፤ ጓንት ሁለት ጥንድ ይያዝ፤ የእጅ ማጽጃው ከቦርሳው ሥር ሳይሆን ላይኛው ኪስ ውስጥ ይሁን።

ሽንት ሌላ ጣጣ አለው። በዚሁ ዊልደርነስ ውስጥ ኤንቻንትመንትስ የሚባለው፣ የሌሊት ፈቃዱ በዕጣ የሚወጣበት ሥፍራ፣ የተራራ ፍየል አለበት። ፍየሎቹ ጨው ይወዳሉ፤ አገር ቤት ከብት አሞሌ እንደሚልሰው ሁሉ እነሱ የሰው ሽንት ያረፈበትን ይልሳሉ። ሽንቱ ያረፈው ሣር ላይ ከሆነ አፈሩን በኮቴ ይቆፍሩታል፤ በአጭር ሰመር የሚያድገው የከፍታ ሣር ደግሞ አንዴ ከተነቀለ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ከመንገድ ራቅ ብላችሁ ባዶ ድንጋይ ላይ ሽኑ ይባላል። ሰው ሲሰማው ይስቃል፣ ይሁን እንጂ የሚያስታውሰው ምክር ይኸው ነው። ፍየሎቹን ከአርባ አምስት ሜትር ወዲህ አለማስጠጋት ደግሞ ለቀልድ አይደለም፤ በ2010 በዚያው በዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ አንድ መንገደኛ በተራራ ፍየል ተወግቶ ሞቷል።

መንገዱ ራሱም ይጋብዛል። የውሃ መውረጃ ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው በመንገዱ ላይ ይወርዳል፣ ጭቃ ይሆናል፣ ሰው ጭቃውን ሽሽት በጎን ይረግጣል፤ በዓመት ውስጥ አንዱ መንገድ ሦስት ይሆናል። መድኃኒቱ ባለፉ ቁጥር ቦዩን በአካፋ መጥረግ ነው፤ ዝናብ ከመጣ በኋላ ሳይሆን በፊት። የተጠረገው አፈር ገደል አይጣልም፤ የተሸረሸረው መንገድ ላይ ይመለሳል። ለጠንካራ መሬት ፑላስኪ የሚባለው መሣሪያ አለ፤ በአንድ እጀታ ላይ በአንድ ፊቱ መጥረቢያ፣ በሌላው ዶማ ነው። ስሙ ከሬንጀር ኤድ ፑላስኪ የመጣ ነው፤ በ1910ሩ ታላቅ ቃጠሎ አይዳሆ ውስጥ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ያተረፋቸው ሰው።

የወደቀ ግንድም እንደ ጭቃው ነው፤ ዙሪያውን ያስኬዳል። ታጣፊው መጋዝ ለቅርንጫፍ ይበቃል፤ ለትልቁ ግንድ ሁለት ሰው የሚስበው ረጅም መጋዝ ያስፈልጋል፤ ያንን ለመያዝ ደግሞ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ግድ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሳብ፣ አትግፋ። የሚገፋ ሰው ምላጩን ያጥፈዋል፣ የባልደረባውንም ጉልበት ይጨርሳል። ከመቁረጥ በፊት ግን ግንዱ በምን እንደተደገፈ ይታያል። ሁለት ጫፉ ተደግፎ መሃሉ የተንጠለጠለ ግንድ ላዩ የተጨመቀ፣ ሥሩ የተወጠረ ነው። ከላይ ሲቆረጥ ክፍተቱ ይዘጋና መጋዙን ነክሶ ያስቀረዋል። ስለዚህ ምላጩ ሙሉ በሙሉ እንደ ሰመጠ ከላይ ሁለት የፕላስቲክ ሽብልቅ በመዶሻ ይገባል፤ ቁርጡ እየጠለቀ ሲሄድ ሽብልቁም ይከተላል። አንድ ጫፉ ብቻ ተደግፎ ሌላው በአየር ላይ የቀረው በተቃራኒው ላዩ የተወጠረ ነው፤ ከላይ ብቻ ከተጀመረ ድንገት ተሰንጥቆ ሊዘል ይችላል፤ ቀድሞ ከሥር ትንሽ ይቆረጥለታል። በተዳፋት ላይ ደግሞ ማንም ከግንዱ በታች አይቆምም። መጋዙ ሲጓዝ ጥርሱ በተሰነጠቀ አሮጌ የእሳት አደጋ ቱቦ ይሸፈናል፤ ተሸካሚው በሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል።

ሬዲዮ ጠዋትና ማታ ይከፈታል። መጀመሪያ የሚጠራው ተቀባዩ ነው፣ ከዚያ የራስ መጠሪያ። ቁልፉን ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ቆዩ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፣ ማዕከሉም ማን እንደጠራው አያውቅም። ከሸለቆ ውስጥ አይሰማም፤ ለማታው ጥሪ ከፍ ያለ ቦታ ቀን ላይ አይታችሁ ያዙ። ባትሪው ማታ ከመኝታ ከረጢት ውስጥ ይደር፤ ብርድ ይበላዋል።

የቀረው ሰው ነው፤ ከመጋዙም የሚከብደው። ሐይቅ ዳር እሳት ያነደዱ አራት ወጣቶች አገኛችሁ እንበል። «እሳት ክልክል ነው፣ አጥፉ» ብሎ የሚጀምር ኢንተርን እሳቱን ያስጠፋ ይሆናል፤ ዞር ሲል ግን መልሰው ያነዳሉ። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የፀሐይ መነጽር ይወልቃል፣ ቦርሳ መሬት ይቀመጣል፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ሐይቁን እያዩ ይቆማል። «እንዴት ዋላችሁ? ከየት ነው የተነሳችሁት ዛሬ? ማታ በረደ እንዴ?» ከዚያ በጣት ወደ አንድ ነገር ይጠቆማል፤ ወደ ሕጉ ሳይሆን ወደ ቦታው። «ያቺን ዛፍ አያችኋት? የታችኛው ቅርንጫፏ ሁሉ በየማታው ለማገዶ ተሰብሮ ነው ያለቀው። እዚህ ከፍታ ላይ እንጨት የለም፤ ለዚህ ነው እሳት የማይፈቀደው። ባልዲ አለኝ፣ አብረን እናጥፋው?» ሕጉ ከምክንያቱ በኋላ ይመጣል፣ ኢንተርኑም ውሃ ይቀዳል። አብሮ ያጠፋ ሰው መልሶ አያነድም ማለት አይደለም፤ ግን በጣም ይቀንሳል።

የእኛ ሰላምታ ረጅም መሆኑ ለዚህ ሥራ ስጦታ ነው፤ ሌላው በሥልጠና የሚማረውን እኛ ከቤት ይዘነው እንወጣለን። የሐበሻ ቤተሰብ ሲያጋጥም ደግሞ ትልቋን እናት «እንደምን ዋሉ እማማ፣ ዳገቱ አልከበደዎትም?» ብሎ መጀመር ነው። ልጆቹን ስለ ልቅ ውሻቸው ወይም ስለ ቡድኑ ቁጥር (ገደቡ በአብዛኛው ቦታ አሥራ ሁለት ነው) የምትቆጣቸው እሷው ትሆናለች።

የሚቆጣ ሰው ካጋጠመ ክርክር የለም። አንድ ጊዜ ይነገራል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይባላል፣ «መልካም ጉዞ» ተብሎ ይሄዳል። ከእይታ ከራቁ በኋላ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሰዎቹ ብዛትና የድንኳኑ ቀለም ይጻፋል፤ ቀሪው የመኮንኑ ነው።

ይህ ማስታወሻ ከሌላው ቆጠራ ጋር ይገባል፦ በቀን ስንት ቡድን ታየ፣ በየቡድኑ ስንት ሰው፣ ፈቃድ ያለው ስንት፣ ስንት የእሳት ክብ ፈረሰ፣ ስንት ወረቀት ተለቀመ፣ ስንት ግንድ ተቆረጠ። ቁጥሩ የሚጻፈው እዚያው ቆሞ ነው፤ ማታ ድንኳን ውስጥ የሚጻፍ ቁጥር ሁልጊዜ በአምስትና በአሥር የሚያልቅ ይሆናል፤ አለቃውም ያንን ሲያይ ግምት እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

በስምንተኛው ቀን መኪናው ጋ ሲደረስ ቆሻሻው በሚዛን ተመዝኖ ይመዘገባል፣ የመጋዙ ጥርስ ከሙጫ ይጸዳል፣ ድንኳኑ ለመድረቅ ይዘረጋል፣ የሬዲዮው ባትሪ ቻርጅ ላይ ይሰካል። ሻወር ከዚህ በኋላ ነው። ሻወሩን ያስቀደመ ድንኳኑን ከስድስት ቀን በኋላ ሻግቶ ያገኘዋል።